ዶሮዋ ቆቧን ያወለቀችበት ቀን

ቼክ ተሰረቀ ተብሎ ፖሊስ በሁለት መኪና እያፏጨ ሲደርስ፣ የተሰረቀው ካርቶን ሆኖ ተገኘ።

ካርቶን ስላችሁ ካርቶን ነው። ቁመቱ የበር ያህላል። እነዚህ ትልልቅ ድርጅቶች ለችግረኛ ሲሰጡ ግራና ቀኝ ይዘው፣ ጥርሳቸውን ገልጠው ፎቶ የሚነሱበት ዓይነት። ባንክ ይዛችሁት ብትሄዱ ዘበኛው ስቆ ነው የሚመልሳችሁ።

ኢንስፔክተሯ የድርጅቱ መግቢያ አዳራሽ መሃል ቆማ፣ ባለ ሦስት እግሩን ባዶ ማቆሚያ አየችው። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን አየችው።

"ለዚህ ነው የጠራችሁን?"

"ቼክ ተሰረቀ ነው ያልኩት፤ አልዋሸሁም!" አለ። ሰውየውን ሠራተኞቹ "ፈገግታ" ነው የሚሉት። ሲቆጣም፣ ሲሳደብም፣ ቀብር ሲሄድም ጥርሱ አይከደን። "ነገ ጠዋት በአራት ሰዓት እንግዶች አሉብኝ። የሆስፒታል ሰዎች፣ ጋዜጠኞች..."

"ሌላ አሳትሙ። የካርቶን ችግር አለ እንዴ?"

"አሳትማለሁ። ግን የወሰደው ሰው ምን ሊያደርግበት እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።"

ኢንስፔክተሯ ይቺን ቃል በልቧ ያዘች። ዶሮው የተሰረቀበት ሰው ዶሮዬን ይላል እንጂ፣ ሌባው ምን ሊያደርግባት ነው አይልም።

ስለ ዶሮ ካነሳን፣ ይህ ድርጅት የሚኖረው በዶሮ ነው። የስልክ ጨዋታ ነው የሚሠሩት። ዶሮዋ ትሮጣለች፣ ትዘላለች፣ ጉድጓድ ውስጥ ትገባለች፣ ተጫዋቹ ይሳደባል፤ ይኸው ነው። አዳራሹ ግድግዳ ላይ አልጋ የሚያህል ቴሌቪዥን አለ፤ በዚያች ሰዓት የሚጫወተው ሰው ሁሉ ዶሮ እዚያ ላይ ስትሮጥ ይታያል። እና ሁሉም ዶሮዎች ራሳቸው ላይ ቢጫ ቆብ አድርገዋል።

ቆቡ በገንዘብ ነው የሚገዛው። የሌለ ቆብ፣ ለሌለች ዶሮ! ግን ሥሩ እንዲህ ይላል፤ "የዚህ ቆብ ዋጋ ሙሉው ለሕፃናት ኩላሊት ክፍል ደም ማጠቢያ ማሽን መግዣ ይውላል።" እንዲህ ከተባለ ማን እጁን ይሰበስባል? አገር ምድሩ ለዶሮው ቆብ ገዛ።

"ትናንት ካርቶኑን መጨረሻ ያየው ማነው?" አለች ኢንስፔክተሯ።

"እኔ" አሉ ዘበኛው። ሽማግሌ ናቸው፤ ወንበራቸው ከበሩ ላይ አይነሳም። "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ሲወጣ እዚያው ቆሞ ነበር። አሥራ ሁለት ላይ ልቆልፍ ስዞር የለም።"

"በሩ ስንት ነው ጋሼ?"

"አንድ። እሱም እኔ ነኝ።"

"ከአሥራ አንድ በኋላ ማን ወጣ?"

"ጸጉሮ ወጣ፤ ሥዕሉን የሚስለው ልጅ። ባዶ እጁን። ስልከኛዋ መጨረሻ ወጣች፣ እንደ ልማዷ፤ ትንሽ ቦርሳ ይዛ። እና..." ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ "ጌታው። ረዥም ነገር በጋዜጣ ጠቅልለው።"

ኢንስፔክተሯ ዞር ብላ ፈገግታን አየችው። ሰውየው ቀላ።

"የመጋረጃ ብረት ነው!" አለ። "ሚስቴ ሦስት ወር ስትለምነኝ... ይደውሉላት!"

ተደወለላት። ሚስትየዋ ስለ ብረቱ ብቻ አይደለም፣ ስለ ሦስቱም ወር ነገረቻት። ብረቱም አጭር ነው ተብሎ ሊመለስ ነው።

* * *

ጸጉሮን ጓዳው አገኘችው። ጸጉሩ ዓይኑን ጋርዶታል፤ ጠረጴዛው ላይ የዶሮ ዓይነት ሁሉ ተስሏል።

"ትናንት ሰው ፊት 'ይሄን ካርቶን ቀዳድጄ ነው የምጥለው' ብለሃል አሉ።"

"ብያለሁ።"

"ቀደድከው?"

"በሐሳቤ አሥር ጊዜ። በእጄ ገና።" ብዕሩን አስቀመጠ። "ቆቡን የሳልኩት እኔ ነኝ፣ በነፃ፣ ለልጆቹ ነው ስላሉኝ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳይ ግን ገርሞኝ ጠየቅኩ፤ ያ ሁሉ ቆብ ተሸጦ ይቺ ብቻ? 'አንተ ዶሮህን ሳል' አሉኝ።"

"ከአሥራ አንድ በኋላ የት ነበርክ?"

"ሆስፒታል። የልጆቹ ግድግዳ ላይ ዶሮ ስስል። ሲስተሯን ጠይቂያት።"

ቀጥሎ የስልክ ክፍሉ ነበር። ክፍል ይባል እንጂ ሣጥን ነው፤ መስኮት የለው። ደንበኛ ሲደውል የምታነሳው ልጅ እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣለች። ቀጭን፣ ዓይነ ትልቅ፣ ድምፅዋ ማር። ኢንስፔክተሯ ማስታወሻ ደብተሯን ብትገልጥ ፊደል አይታይ።

"እስቲ መብራት አብሪልኝ።"

ልጅቷ ተነሣች። ግድግዳውን የሸፈነ ትልቅ ነጭ ሰሌዳ አለ፤ ወረቀት በወረቀት ተለጥፎበታል። እጇን ከሰሌዳው ጀርባ ሰደደችና ዳበሰች፤ ቀጭ! ክፍሉ በራ።

ኢንስፔክተሯ ሰሌዳው ላይ ያለውን አነበበች። ለስልከኛዋ የተሰጠ ትእዛዝ ነው። "ደዋይ ስለ ቢጫው ቆብ ከጠየቀ፦ አዎን፣ ሙሉው ለልጆቹ ነው በይ።" "ማሽኑ መጣ ወይ ካለ፦ በቅርቡ በይ።"

"ብዙ ሰው ይጠይቃል?"

"ከሌላው ጥያቄ ሁሉ ይበልጣል። አንድ ሾፌር በየሳምንቱ ሰኞ ይደውላል፤ 'ማሽኑ መጣ?' በቅርቡ እለዋለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይዘጋል። እግዜር ይስጥልኝ ሲለኝ ነው የሚያመኝ።" ከዚያ ፈገግ አለች። "አንዲት እናት ደግሞ አሉ፤ ባለፈው ማክሰኞ ቆብ ገዝተው 'በፖስታ ላኩልኝ፣ ራሴን ይበርደኛል' ብለው አደረቁኝ። የዶሮዋ ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም ብላቸው፣ 'ዶሮዋ ላባ አላት፣ እኔ ምን አለኝ?' አሉኝ።"

ኢንስፔክተሯ አሳላት። ያቺን እናት ታውቃታለች። አንድ ቤት ነው የሚኖሩት።

"ካርቶኑን ማን የወሰደው ይመስልሻል?"

ልጅቷ በትልልቅ ዓይኖቿ ቀጥ ብላ አየቻት። "እርስዎን ያመጣ ሰው" አለች።

ፖሊስ ሲመጣ ሰው ሁሉ ያልሆነ ነገር ይናገራል፤ ኢንስፔክተሯ ጽፋ አለፈችው።

* * *

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ሄደች። ሲስተሯ ወገቧን ይዛ ተቀበለቻት፤ ሃያ ዓመት ልጅ ያነሣ ወገብ ነው።

"ጸጉሮ? አንድ ሰዓት እስኪሆን እዚህ ነበር። ይኸው" አለች። ግድግዳው ላይ ዶሮ መሰላል ትወጣለች፤ ከጭራዋ የቀለም ሽታ ገና አልጠፋም።

ሌላው ግድግዳ ላይ የሰባት ልጆች ስም በወረቀት ተለጥፏል፣ የተራ መጠበቂያ። ማሽኑ አንድ ነው፤ ያውም ያረጀ። አንዱ ልጅ ደሙ ሲታጠብ ስድስቱ ቁጭ ብለው ያዩታል። አንዷ ትንሽዬ ተራዋ ነገ ነው መሰለኝ ፊቷ አባብጧል፤ ግን ዶሮዋን እያየች ትስቃለች።

"ሁለተኛ ማሽን ሲመጣ ተራው ይቀራል" አለች ኢንስፔክተሯ፣ ለማጽናናት ያህል።

ሲስተሯ ከልጆቹ ራቅ አድርጋ ወሰደቻት፤ "የሚሰጡን ከማሽኑ ዋጋ ሩቡን አይሞላም፤ የኔ እህት።"

"እንዴት? አገር ሁሉ ቆብ ገዝቶ?"

"የመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው ብለው ጻፉልን። ምን ልበል? ለሰጠ ሰው አነሰኝ ይባላል? ባለፈው ወር ሁለቱን ወደ ሌላ ከተማ ላክናቸው፣ ተራ ጠፍቶ። በየሳምንቱ የአምስት ሰዓት መንገድ በአውቶቡስ። እናቶቻቸው ሥራ ለቀቁ።"

ኢንስፔክተሯ መኪናዋ ውስጥ ገብታ በጣቷ ቆጠረች። ቆቡ መሸጥ ከጀመረ አራት ወር ሆኖታል።

* * *

ቤት ስትደርስ እናቷ ሶፋው ላይ ስልኳን ታቅፋ እየተሳደበች ነው።

"ዝለይ! ዝለይ አልኩሽ አንቺ ሰነፍ! ውይ... ገባች።" ቀና አለች። "ሰባ ስድስተኛው ጉድጓድ ነው። እስከ ዛሬ አምስት ሰው ነው ያለፈው። አራቱ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቄስ ነው ይላሉ።"

"እማዬ፣ ቆብሽን ማክሰኞ ነው የገዛሽው?"

"ማን ነገረሽ?" አለች እናት፤ ቀጥላም፣ "ያቺ ስልከኛ! ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ቆቤን አልላከችም።"

"አሳዪኝ።"

አሳየቻት። ቢጫው ቆብ፤ ሥሩ "ሙሉው ለሕፃናት ኩላሊት ክፍል"። ኢንስፔክተሯ የእናቷን መነጽር ተቀብላ አደረገች፤ ጽሑፉን በጣቷ አተለቀችው። ከሁሉ በታች ጉንዳን የረገጠችው የሚመስል መስመር አለ፤ "በመጀመሪያው ሳምንት የተሸጠውን ይመለከታል።"

"ምን ይላል?" አለች እናት።

"አራት ወር ሙሉ በልጆቹ ስም ለኪሳቸው ሸጡ ይላል።"

እናት ስልኳን ሶፋው ላይ ደፋችው። እሷ ጨዋታ ስታቋርጥ ቤቱ ራሱ ይደነግጣል። "ለዚያ ነዋ ካርቶኑ ሲጠፋ የተንጨረጨረው" አለች። "ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም።"

"እማዬ!"

"ዶሮም ሰውም አንድ ነው። እኔኮ ከዳቦዬ ቀንሼ ነው የገዛሁት።"

"ለማንም እንዳታወሪ። ምርመራ ላይ ነኝ።"

"ለማን አወራለሁ? እግሬ እንደሆነ ከቤት አያወጣኝ።"

ልትተኛ ስትል ኢንስፔክተሯ መብራት ልታጠፋ እጇን ወደ ግድግዳው ሰደደች። ማጥፊያው እንደ ሁልጊዜው ከበሩ አጠገብ፣ ባዶ ግድግዳ ላይ ነው። እጇ እዚያው ቀረ።

ማን ነው ሰሌዳ በመብራት ማብሪያ ላይ የሚሰቅል? በየቀኑ እየዳበሰ ሊኖር ነው? ያ ሰሌዳ እዚያ አንድ ቀን አላደረም። ቁመቱም የበር ያህል ነበር።

* * *

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የስልክ ክፍሉን በር አንኳኳች። ሳትናገር ሰሌዳውን ግራና ቀኝ ይዛ አነሣችና ገለበጠችው። ካርቶኑ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ጀርባው ላይ የውሸቱን ትእዛዝ ተሸክሞ።

ስልከኛዋ አልሮጠችም፣ አላለቀሰችም። "ቀድመው ያገኙታል ብዬ ነበር" አለች። "መብራት አብሪ ሲሉኝ ልቤ ቆሞ ነበር።"

"ምን ሊያደርግልሽ ወሰድሽው?"

"እርስዎን እንዲያመጣልኝ። መጀመሪያ ጽፌላችሁ ነበር። ከሁለት ወር በፊት፣ ሦስት ገጽ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለውን ሰው ሁሉ። በእጄ ነው ያመጣሁት። 'ይታያል' አሉኝ። የሚያየው ጠፋ። ቼክ ጠፋ ሲባል ግን በሁለት መኪና መጣችሁ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ኢንስፔክተሯን ጣቢያው ሁሉ ምን ብሎ እንደሚጠራት አልነገርኳችሁም፤ "እመት መሳቢያ" ነው የሚሏት። ጠረጴዛዋ ሥር ትልቁ መሳቢያ አለ። ተራ የመሰላትን ማመልከቻ ሁሉ እዚያ ትከትና "ይብሰል" ትላለች። ከበሰለ በኋላ ማን እንደሚያወጣው ግን ጠይቃ አታውቅም።

"ፖስታው ምን ዓይነት ነበር?" ብላ ጠየቀች፤ መልሱን ግን ታውቀዋለች።

"ቢጫ። ከቆቡ ጋር እንዲመሳሰል ብዬ።"

ታስታውሰዋለች። የመጀመሪያውን መስመር አንብባ ነበር። "ስለ አንዲት ዶሮ ቆብ ላመለክት ነው" ይላል። ስቃ፣ ለጓደኞቿም አስቃበት፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በእነዚያ ሁለት ወሮች ውስጥ ነው ሁለቱ ልጆች አውቶቡስ ላይ የወጡት።

"እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት" አለች። "ያነበበ የለም እንዳትዪ፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ። የሳቅኩትም እኔ ነኝ።"

ስልከኛዋ እንደ ልማዷ፣ ለተናደደ ደዋይ እንደምትለው፣ በዚያ የማር ድምፅ፤ "ምን ልርዳዎት?" አለቻት።

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ኢንስፔክተሯ ዓይኗን ጠረገች።

"ለዚያች ፖስታ ዛሬ ጠዋት መዝገብ እከፍትላታለሁ። የአንቺን ክስ ደግሞ እዘጋዋለሁ።"

"ሰርቄ?"

"ዕቃው ከቤቱ አልወጣም። ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው ግድግዳ የሄደ ነገር ስርቆት ከሆነ፣ የሚስቱን መጋረጃ የሚቀይር ሰው ሁሉ ይታሰራል።"

* * *

አራት ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። ፈገግታ አዲስ ካርቶን አሳትሟል፤ ሲስተሯ ንጹሕ ጋዋን ለብሳ ከጎኑ ቆማለች፤ የልጆቹ እናቶች ኋላ ተደርድረዋል። ኢንስፔክተሯ ጠጋ ብላ በጆሮው አወራችው።

"አራት ወር ሙሉ ምን እንደሸጡ ደርሼበታለሁ።"

"ታች ላይ ጽፈናል!" አለ፣ ለፎቶው እየሳቀ፣ በጥርሱ መሃል።

"እናቴ መነጽር ሳታደርግ ነው የገዛችው።"

"ሕግ አልጣስንም። ክሰሱኝ፤ ሁለት ዓመት ይፈጃል።"

ይሄን ብሎ ሳይጨርስ፣ ከኋላ አንድ ልጅ ያዘለች እናት፤ "ውይ! ዶሮዋ ቆቧን አወለቀች!" አለች።

ሰው ሁሉ ወደ ትልቁ ቴሌቪዥን ዞረ። አንዷ ዶሮ ባዶ ራሷን ትሮጣለች። ስሟ ከላይ ተጽፏል፤ "ራሴን ይበርደኛል"። ቀጥሎ አንዷ አወለቀች። ከዚያ ሦስት። ከዚያ እንደ በቆሎ ፈንዲሻ፣ እዚህም እዚያም፣ ቢጫው እየጠፋ፣ እየጠፋ ሄደ። ሥራ የሌለው ሥራ ያለው፣ ሾፌሩ፣ ቄሱ፣ ልጁ፣ አዋቂው፣ ሁሉም ቆቡን አወለቀ። ጨዋታው ውስጥ ተጫዋቾች የሚጻጻፉበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ አንድ መልእክት እየተቀባበሉት ነው፤ "ቆቡ የልጆቹ አይደለም። ጠይቁ፣ እስኪመልሱ አውልቁ።"

ለማን አወራለሁ ያለችው የኢንስፔክተሯ እናት ሌሊቱን ለሦስት ሺህ ዶሮ ስታወራ ነበር ያደረችው።

የስልክ ክፍሉ ስልክ ጮኸ። ሲነሣ ሌላው ጮኸ። ስልከኛዋ በሩን ከፍታ ብቅ አለች።

"ጌታዬ፣ ሾፌሩ ነው። ዛሬ ሰኞም አይደል። ገንዘቡ የት ነው ይላል። ምን ልበለው?"

ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዘበኛው ይምላሉ፣ የፈገግታ ጥርስ ተከደነ። ሰውየው ወደ ቴሌቪዥኑ አየ፣ ወደ ጋዜጠኞቹ አየ፤ ከዚያ እናቶቹን አየ። እናቶቹ አልጮሁ፣ አልተሳደቡ። ዝም ብለው ነው የሚያዩት፤ ተራ መጠበቅ የለመደ ሰው እንደሚያይ።

"አራቱም ወር ለልጆቹ ነው በይው" አለ። ድምፁ ወረደ። "በቅርቡ አትበይው። ዛሬ በይው።"

ጸጉሮ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ወፍራም ብዕር አውጥቶ የአዲሱን ካርቶን ቁጥር በሰው ፊት ሰርዞ የአራቱን ወር ጻፈበት። ፈገግታም በዚያ ሁሉ ካሜራ ፊት ፈረመበት። ኢንስፔክተሯ ግን መዝገቡን አልዘጋችም፤ ቃል ጥሩ ነው፣ መዝገብ የከፈተ ሰው ደግሞ ቃል አይረሳም።

ማታ እናቷን አገኘቻት።

"በይ፣ ተሳክቶልሻል። ቆብሽን መልሺ።"

"አልመልስም። ማሽኑ ይምጣ። በወሬ ያወለቅኩትን በወሬ አላደርግም።" ቀና ብላ አየቻት። "አንቺ ምን ሆነሻል? ፊትሽ ከስሏል።"

ነገረቻት፤ ስለ ፖስታው፣ ስለ መሳቢያው፣ ስለ ሳቋ። እናቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደችም። "ነገ መሳቢያውን አምጪው" አለች ብቻ።

ሁለት ወር አልሞላም፤ ማሽኑ መጣ። ከሌላ ከተማ ሁለቱ ልጆች ተመለሱ፤ ግድግዳው ላይ ያለውን የተራ ወረቀት ሲስተሯ ራሷ ቀድዳ ጣለችው፤ ጸጉሮ በቦታው ቆብ ያደረገች ዶሮ ሳለበት። በዚያች ቀን ሰዎች ለዶሮዎቻቸው ቆባቸውን መለሱላቸው አሉ። ስልከኛዋ አሁንም ስልክ ታነሣለች፤ ሰሌዳዋ ላይ የሚለጠፈውን ግን የምትጽፈው ራሷ ናት።

በኢንስፔክተሯ ጠረጴዛ ሥር ዛሬ ባዶ ቀዳዳ ነው ያለው። የመጣ ማመልከቻ የሚገባበት ስለሌለ፣ መነበብ ግድ ሆነበት። መሳቢያው ከእናቷ ሶፋ አጠገብ ነው፤ የክር ማስቀመጫ ሆኗል። አዲሱ ማሽን በተተከለበት ጠዋት እናት በልጇ ክንድ ተደግፋ ሆስፒታል ገባች፤ ከቦርሳዋ በእጇ የሠራችውን ቢጫ ቆብ አወጣችና ማሽኑ ራስ ላይ ሰካችለት።

ሲስተሯ ስቃ፤ "እማማ፣ እሱ ይበርደዋል እንዴ?" አለቻት።

"እሱስ አይበርደው" አለች እናት፤ "ግን አሁን ገና የገዛሁት ቆብ ደረሰ።"